በቤታችሁ የገንዘቡን ነገር የሚያውቀው ማን ነው?

መነሻ ጽሑፍ

እናቴ የሰፈራችንን እቁብ አሥራ ስምንት ዓመት በጸሐፊነት ይዛለች። እቁቡ አርባ ሁለት አባላት የነበሩትና በየሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የሚሰበሰብ ነበር። ደብተሩ ተራ የተማሪ ደብተር ነው፤ የከፈለውን በሰማያዊ፣ ያልከፈለውን በቀይ እስክሪብቶ ትጽፋለች፤ እጣ ከወጣለት ሰው ስም ጎን ትንሽ መስቀል ታደርጋለች፤ እቁብ በልቶ መክፈል ያቆመ ሰው ሲኖር ዋሱ ማን እንደነበረ ደብተሩን ሳትገልጥ ትናገራለች። በዚያ ሁሉ ዓመት የአንድም ሰው ሒሳብ አልተዛባባትም።

አባቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሲያርፍ የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጥተን አብሬያት ወደ ባንክ ሄድኩ። ሠራተኛው፣ ሟች ሌላ ሒሳብ፣ ብድር ወይም አክሲዮን እንደነበራቸው ጠየቃት። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ወደ እኔ ዞር አለችና አላውቅም አለች። እኔም፣ በሒሳብ ሠራተኛነት የምተዳደረው ልጇ፣ አላውቅም ነበር። አባቴ በሁለት ባንኮች አክሲዮን እንደነበረው የሰማነው ከስምንት ወር በኋላ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባው ነው። የጡረታው ግማሽ ለእሷ እንደሚገባት እንኳ የነገራት የእድራችን ሰብሳቢ እንጂ ከቤታችን ሰው አልነበረም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በመሥሪያ ቤቴ የተነሣ ክርክር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የተባለው የአሜሪካ የብድር ደረጃ መዳቢ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ140 በሚበልጡ አገሮች ከ150,000 በላይ ሰዎችን ያስጠየቀበትን ጥናት ጠቅሶ፣ ሴቶች ስለ ገንዘብ ያላቸው እውቀት ከወንዶች ያንሳል ሲል ተከራከረ። ቁጥሩን አልክድም። ጥናቱ ስለ ስሌት፣ ስለ ወለድ ወለድ (ወለዱ ራሱ ስለሚያስገኘው ወለድ)፣ ስለ ዋጋ ንረትና ገንዘብን በአንድ ቦታ ብቻ ስላለማስቀመጥ የጠየቀ ሲሆን፣ ከአራቱ ርእሶች ቢያንስ ሦስቱን በትክክል የመለሱት ከወንዶች 35 በመቶ፣ ከሴቶች 30 በመቶ ናቸው። ነገር ግን እናቴን ያን ዕለት የቸገራት ስሌት አልነበረም። በቤታችን አስቤዛው፣ እቁቡ፣ የልጆች ደብተርና ጫማ የእሷ ነበር፤ ቤቱ፣ ብድሩና አክሲዮኑ ደግሞ የአባቴ። አባቴ ሽንኩርት በስንት እንደሚገዛ አያውቅም፤ እሷም የእሱ መሳቢያ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም። የእሱ አለማወቅ ግን ምንም አላስከፈለውም፤ የእሷ አስከፈላት።

ስለዚህ ባለትዳር የሆናችሁትን ሁሉ፣ ወንዶችንም ሴቶችንም፣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የትዳር ጓደኛችሁ ነገ ባይኖር፣ ያለውን ሒሳብ፣ ዕዳውንና ሌላ ሰው ዘንድ ያለውን ገንዘብ ታውቃላችሁን?

የዚህ ውይይት ክር እየረዘመ ስለ ሄደና ዘግይተው የሚመጡ አንባቢዎች ከላይ ያለውን ሳያነቡ ስለሚመልሱ፣ የተሰጡትን ምላሾች በቅደም ተከተላቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው የጻፉት የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑ አባት ናቸው። በቅድሚያ ለእናቴ መጽናናትን ከተመኙ በኋላ፣ ደመወዛቸውን እንዳለ ለባለቤታቸው እንደሚያስረክቡና ለራሳቸው የታክሲ ብቻ እንደሚያስቀሩ፣ ስለዚህም በእሳቸው ቤት አዋቂዋ ሚስት መሆኗን ገለጹ። ጽሑፉ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ አመስግኜ አልፈው ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የወሰዱትን ብድር እንዳትጨነቅ ብለው እንዳልነገሯት ጨመሩ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። የጻፏት በፍቅር ነው፤ አባቴም የደበቀን በክፋት እንዳልነበረ አውቃለሁ።

ምላሽ 2። በባንክ የብድር ክፍል ለአሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ናት። የጋራ ቤት በመያዣነት ሲሰጥ ሁለቱም ተጋቢዎች መፈረም እንዳለባቸው፣ አብዛኞቹ ሚስቶች ግን ጣት የተቀሰረበት ቦታ ላይ ፈርመው ብቻ እንደሚሄዱ ነገረችን። እሷ ውሉን ጮክ ብላ የማንበብ ልማድ አላት፤ ይህን ስታደርግ ሰዓታቸውን የሚያዩ ባሎች ብዙ ናቸው። አንዲት ሴት ግን መያዣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀቻት። ብድሩ ካልተከፈለ ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ እንደሚችል ስትረዳ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከሦስት ቀን በኋላ ከባሏ ጋር ተመልሳ መጣች፤ የሚበደሩትም ገንዘብ በግማሽ ቀንሶ ነበር። ጸሐፊዋ እንዳለችው ሴትዮዋ የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

ምላሽ 3። ይህኛው ሰው ሰላምታም አላስቀደመም። የአንድ ቤተሰብ ሐዘን የ150,000 ሰዎችን ጥናት ሊያፈርስ እንደማይችል፣ እቁብ የበላውን ሰው ማወቅና ገንዘብ እንዴት እንደሚራባ ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን ጻፈ። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረትም የአባቶች ትዝብት ነው በማለት ጠቀሰ። ማወቅ የፈለገች ሚስት የባሏን መሳቢያ ከፍታ ማየት ትችላለች፤ ያልከፈተችው ስላልፈለገች ነው ብሎ ደመደመ። ስለ ተረቱ ብዙ ሰዎች ተቆጥተው መለሱለት፤ እኔን ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ የመሳቢያው ነገር ነበር።

ምላሽ 4። ስለ ጥናቱ የምታውቅ፣ በአውሮፓ የምትኖር ተማሪ ሳትቆጣ አስረዳችው። ተመራማሪዎች በኔዘርላንድስ ለተመሳሳይ ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ አቅርበዋል። በመጀመሪያው ዙር አላውቅም የሚል አማራጭ ነበረ፤ በሁለተኛው ተወገደ። በመጀመሪያው ዙር አላውቅም ያሉት ሴቶች ከወንዶች በእጅጉ ይበዙ ነበር፤ አማራጩ ሲወገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን መልስ መረጡ። ተመራማሪዎቹም በሁለቱ ጾታዎች መካከል ከታየው ልዩነት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከእውቀት ሳይሆን በራስ ካለመተማመን የመጣ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ልጅቷ ቀሪው ሁለት ሦስተኛ እውነተኛ የእውቀት ልዩነት መሆኑን አልሸሸገችም፤ ይህን በማድረጓም አከበርኳት።

እኔም እዚህ ላይ ራሴን ማረም ነበረብኝ። የእናቴ አላውቅም ከእነዚህ ሴቶች አላውቅም የተለየ ነው። እሷ የምታውቀውን ፈርታ አልደበቀችም፤ ማንም አልነገራትም። ሁለቱን በመነሻ ጽሑፌ አቀላቅዬ ነበር።

ምላሽ 5። በመርካቶ የስኒና የጀበና ነጋዴ ከሆነች ሴት የመጣ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ከሁሉም ብዙ የተማርኩበት እርሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ። የምትጥለው እቁብ ሠላሳ ሰዎች ያሉበት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ አምስት አምስት ሺህ ብር የሚጣልበት ነው፤ እጣ የወጣለት ሰው 150,000 ብር ይወስዳል። ሠላሳ ሳምንት ማለት ሰባት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጊዜ ነው። ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ዓመት በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው በዚያው 150,000 ብር የሚገዛው የስኒ ካርቶንና በመጨረሻው ሳምንት የወጣለት ሰው የሚገዛው በፍጹም አንድ አይሆንም። ስለዚህ ዕቃ ሊወደድ ነው ብላ ስትገምት፣ እጣ ቀድሞ ከወጣለትና ገንዘቡን ለጊዜው ከማይፈልገው አባል 5,000 ብር ጨምራ ተራውን ትገዛለች፤ ገበያው ረጋ ሲል ደግሞ የራሷን ተራ ትሸጣለች።

በኔዘርላንድሱ ጥናት ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ የባንክ ወለድ ከዋጋ ንረቱ ካነሰ ከዓመት በኋላ በገንዘብህ የምትገዛው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚል ነው። ነጋዴዋ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ማክሰኞ በገንዘቧ ስትመልስ እንደኖረች፣ ነገር ግን አንድ ጠያቂ ወረቀት ይዞ ቢመጣባት ስለ ዋጋ ንረት አላውቅም ልትለው እንደምትችል ጻፈች። ይህን ሳነብ እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ ራሷን በመስማማት ነቀነቀች።

ምላሽ 6። አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር በጨዋነት ግን ያለ ርኅራኄ ሒሳቡን አረመው። ለምሳሌ አሥራ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ገንዘብ ለማግኘት በ150,000 ብር ላይ 5,000 ብር መጨመር፣ ወደ ዓመት ሲሰላ ከ14 በመቶ በላይ ወለድ እንደ መክፈል ነው። ቀጥሎም እቁብ ወለድ ስለማይከፍል መጨረሻ ላይ የሚወጣላቸው ሁልጊዜ እንደሚጎዱ፣ ባንክም ከዚህ እንደማይሻል፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ አስታወሰ። በእነዚያ ዓመታት ከንረቱ ያመለጠው ቤት፣ መሬት ወይም መኪና የነበረው ሰው ነው። መምህሩ ነጥቡን ያሳረፈው እዚህ ላይ ነበር፦ ሴቶች ከሚይዟቸው ከአስቤዛና ከእቁብ ይልቅ ወንዶች የያዟቸው ንብረቶች ዋጋቸውን ጠብቀዋልና፣ የሥራ ክፍፍሉ ራሱ ሀብት ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። ይህን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር።

ምላሽ 7። ጠበቃ የሆኑ ሴት ምላሽ 2ንም፣ ምላሽ 3ንም፣ እኔንም አረሙን። በአንቀጽ እየጠቀሱ ስለጻፉ ፍሬ ነገሩን ብቻ ላስቀምጥ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በዚህ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ እንደሆነ ይቆጠራል። የሁለቱም ስምምነት የሚያስፈልገው ለቤት መያዣ ብቻ አይደለም፤ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆንም ያስፈልጋል። ስለዚህ በምላሽ 1 የተጠቀሰው ብድር ለባለቤታቸው መነገር የነበረበት ለፍቅር ሲባል ብቻ እንዳልሆነ በትሕትና አሳሰቡ።

ምላሽ 3ን በተመለከተ ያሉት ደግሞ ከብዙ ቁጣ የበለጠ ክብደት ነበረው። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ለዘመናት ተረት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ የጋራ ንብረቱንም በእሱ እጅ አስቀምጦት ነበር። እናቴ ያገባችው በዚያ ሕግ ዘመን ነው። ሕጉ ተቀይሯል፤ በቤታችን ግን ማንም አላነበበውም።

ምላሽ 8። ነጋዴዋ ለመምህሩ በአጭሩ መለሰች። 14 በመቶው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያኔ ዋጋ የጨመረው ከ30 በመቶ በላይ ስለነበረ ብድሩ ርካሽ ነበር፤ ሌላው አማራጯም አራጣ አበዳሪ እንጂ ባንክ አልነበረም፤ ባንኩ በመያዣ የሚጠይቀው ቤት በእሷ ስም የለምና። መምህሩ ልክ ነሽ ብሎ ጻፈላት። ሰው በዚህ መንገድ ሲከራከር ማየት ደስ ይላል።

ምላሽ 9። ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ዘጠኝ ዓመት በቤሩት በቤት ሠራተኝነት የቆየች እህት ናት። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ስለነበረ የራሷን የባንክ ሒሳብ መክፈት አልቻለችም፤ ደመወዟን በየሁለት ወሩ በሐዋላ ለወንድሟ ትልክ ነበር። የላከችበትን ደረሰኝ ሁሉ በክር አስራ በፌስታል አስቀምጣለች፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የምንዛሪውን ዋጋ ሳይቀር ዘርዝራ ጻፈችልን፤ አንዳቸውም አልጠፏትም። በገንዘቡ ቤት ተሠርቷል። ስትመለስ ካርታው በወንድሟ ስም መሆኑን አወቀች። ወንድሟ ሴት ልጅ አግብታ ትሄዳለችና ቤቱ ለቤተሰቡ ስም መጠሪያ ይሁን አላት። አሁን ያንን ቤት ትታ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ገንዘቧን ሳንቲም ሳታጎድል የምታውቅ ሴት ናት፤ የማታውቀው ያላየቻትን አንዲት ወረቀት ብቻ ነበር።

ምላሽ 10። አንድ ሰው ማመን ማን ግድ አላት፣ ገንዘብ ያለ ውል ይላካልን ብሎ በሁለት መስመር ጻፈ። እንዲህ ላለ ታሪክ እንዲህ ያለ መልስ መስጠት ተገቢ አልነበረም።

ምላሽ 11። በዱባይ ያለች ሌላ እህት መለሰችለት፤ አነጋገሯ የሰላ ነበር። ከአሠሪ ቤት ደጃፍ ያለ ፈቃድ የማትወጣ ሴት የትኛው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሄዳ ካርታ እንድታይ እንደሚፈልግ ጠየቀችው፤ እሱ ለገዛ ወንድሙ ውል አስፈርሞ ያውቅ እንደሆነም እንዲነግራት አዘዘችው። ነገሩ ወደ ስድብ እየሄደ ስለነበረ ሁለቱም እንዲያቆሙ ለመንኩ። ጠበቃዋ ተመልሰው አንድ ጠቃሚ ነገር አከሉ። በውጭ ያለች ሴት በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና ልትሰጥ ትችላለች፤ ውክልናው ጠቅላላ ሳይሆን ለተለየ ጉዳይ ይሁን፤ የሚገዛው ወይም የሚሠራው ንብረት በወካይዋ ስም እንዲመዘገብ በግልጽ ይጻፍበት፤ ካስፈለገም መሻር ይቻላል። ምላሽ 9 የጻፈችው እህት፣ ይህን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነገራት አንድም ሰው እንዳልነበረ ብቻ ጽፋ ዝም አለች።

ምላሽ 12፣ 13 እና 14። ክሩ እዚህ ላይ ከመንገዱ ወጣ። አንዱ ስለ ሠርግ ወጪ፣ አንዷ ወርቅ የሴት ልጅ ባንክ ስለ መሆኑ፣ ሌላው ደግሞ የዛሬ ሙሽሮች ስለሚከራዩት መኪና ጻፉ። የወርቁ ጉዳይ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል፤ የቀረውን አልፌዋለሁ።

ምላሽ 15። አንድ ባል ወደ ነገሩ መለሰን። ልጃቸው ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ እሱ ብድር ፍለጋ ከወዳጅ ወዳጅ ሲዞር ሚስቱ ከመቀነቷ ፈትታ የሆስፒታሉን ክፍያ ሙሉውን ከፈለች። ልጁ ዳነ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሚስቱ ለስድስት ዓመት ከአስቤዛው እየቀነሰች ስታጠራቅም እንዳልነገረችው ያስባል። ንዴት አልነበረበትም፤ የተጻፈው በሐዘን ነው። ለምን አላመነችኝም የሚል ጥያቄ ነበር ያነሣው፤ እውነተኛ መልስም ይፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 16። መልሱን የሰጠችው ሚስቱ ሳትሆን ሌላ ሴት ናት። እሷም እንዲሁ ታጠራቅማለች። በምላሽ 3 የተነሣውን መሳቢያ አስታውሳ፣ በእሷ ቤት ግን መሳቢያው ቁልፍ እንዳለውና ቁልፉ ከባሏ የመኪና ቁልፍ ጋር እንደሚሰቀል ጻፈች። አንድ ጊዜ ይከፈት ብላ ጠይቃ ምን አነሰሽ ተብላለች። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወችና የራሷን መያዝ ጀመረች። ለምላሽ 15 ጸሐፊ ያቀረበችው ምክር አጭር ነው፤ ለምን አልነገርሽኝም ከማለቱ በፊት እሱ ምን ምን እንደነገራት ይቁጠር። ሰውየው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቆጥሬያለሁ ብሎ መለሰላት፤ ስንት እንደሆነ ግን አልነገረንም።

ምላሽ 17። በሞባይል ገንዘብ ወኪልነት የሚሠራ ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በአገራችን የገንዘብ ሒሳብ ያላቸው ከወንዶች 41 በመቶ፣ ከሴቶች 29 በመቶ እንደነበሩ የሚያሳየውን የዓለም ባንክ ጥናት ጠቀሰ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ይህ ልዩነት በቶሎ ይጠፋል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። እሱ ዘንድ ከሚመጡት ሚስቶች የብዙዎቹ ሲም ካርድ ግን የተመዘገበው በባል ስም ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩንም ያወጣው ባል ነው። ስልኩ የእሷ ይመስላል፣ ሒሳቡ የእሱ ነው። መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሲሙን በስማችሁ አስቀይሩ የሚል ምክር ጨመረ።

ምላሽ 18። በአማራ ክልል የገጠር መምህር የሆነ ሰው ያካፈለን ታሪክ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። በክልሉ የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ አረንጓዴው ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይለጠፋል። ጎረቤቱ የሆኑ ገበሬ አንዱን ማሳ ለማከራየት ደብተሩን ይዘው ቀበሌ ሲሄዱ፣ ሠራተኛው በጣቱ የሚስታቸውን ፎቶ ነክቶ፣ እሳቸው ሳይመጡ አይሆንም ብሎ መለሳቸው። ሚስታቸው በማግሥቱ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ወይም በየመከሩ እንደሚከፈል ጠየቁ፤ ከዚያ በፊት አንዱንም ጠይቀው አያውቁም ነበር። የሦስት ዓመቱ ውል ወደ ሁለት ዓመት ወረደ። መምህሩ እንደሚለው ለሴትዮዋ ስለ ገንዘብ ሥልጠና የሰጣቸው ማንም የለም፤ ያለ እሳቸው ስለማይሆን ብቻ ነው የተጠየቁት። በምላሽ 2 ያለችው ሴት ወረቀቱን አጥፋ ወደ ቤቷ የወሰደችውም ፊርማዋ ስላስፈለገ ነበር። እኔ ለረጅም ጊዜ እውቀት ይቀድማል፣ ሥልጣን ይከተላል ብዬ አስብ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን ማወቅ የጀመሩት ከተጠየቁ በኋላ ነው።

ምላሽ 19። ምላሽ 3ን የጻፈው ሰው ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ተረቱን ግን አልደገመውም። ያነሣው ነጥብ ጠንካራ ስለሆነ ላልፈው አልችልም። ምክንያቱ ፍርሃትም ይሁን የተዘጋ መሳቢያ፣ አላውቅም የምትል ሴት አክሲዮን አትገዛም፤ ያልገዛችውም ትርፉን አታገኝም። በኔዘርላንድስ የተደረገው ጥናት ራሱ እውቀትና በራስ መተማመን ያላቸው ሰዎች በአክሲዮን ገበያ እንደሚሳተፉ ያሳያል። የእኛም የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ፣ ማለትም አክሲዮንና የመሳሰሉት የሚሸጡበት ገበያ፣ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ሴቶች አሁን ካልገቡበት ልዩነቱ ይሰፋል እንጂ አይጠብም አለ። በዚህ ልክ ነህ ብዬ ጽፌለታለሁ። በእሱ ቤት መሳቢያው ቁልፍ እንዳለው ወይም እንደሌለው ጠይቄው ነበር፤ እስካሁን አልመለሰልኝም።

ምላሽ 20። ምላሽ 1ን የጻፉት አባት ብድሩን ለባለቤታቸው እንደነገሯት ጻፉ። አልተጨነቀችም፤ ተቆጣች። ከዚያም በየወሩ ከአስቤዛው ሊቀነስ የሚችለውን አስልታ ብድሩ ከታሰበው አራት ወር ቀድሞ የሚያልቅበትን መንገድ አሳየቻቸው።

ምላሽ 21። የመጨረሻው ምላሽ የመጣው ከአንድ የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ነው። ክሩን ልጃቸው እንዳነበበላቸው ገልጸው፣ በአንድ ወረቀት ላይ ያላቸውን ሁሉ መዝግበው ለባለቤታቸው እንደሰጡ ጻፉ፦ ሁለት የባንክ ሒሳብ፣ የአንድ ባንክ አክሲዮን፣ የቤቱ ካርታ ቁጥር፣ የጡረታ መለያ ቁጥራቸው፣ ለአንድ ወዳጃቸው ያበደሩት ገንዘብ፣ የእድሩ ደብተር። ባለቤታቸው ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ጠይቀው ከሥሩ ሦስት መስመር ጨመሩበት። አንዱ ገና ያልወጣላቸው እቁብ ነው፤ ሁለተኛው ለእህታቸው ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያበደሩት ነው፤ ሦስተኛው በአራት ዓመት ያጠራቀሙት፣ በልጃቸው ስም ባንክ ያለ ገንዘብ ነው። አዛውንቱ በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር ስለ ሦስቱም ሰምተው እንደማያውቁ ጻፉ። ወረቀቱን ሁለቱም ያውቁት ዘንድ በሁለት ቅጂ ጽፈው፣ አንዱን ከጸሎት መጽሐፋቸው መካከል፣ ሌላውን ከሚስታቸው የቡና ረከቦት ሥር አስቀምጠውታል።